የጡረተኛዋ ጀልባ ውሃ

የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ዋለ። በኢሉባቦር፣ በዳሪሙና በመቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞ የበዓል ቡና በሚጠጣበት ከሰዓት በኋላ፣ ኒውዮርክ ላይ ገና ማለዳ ነበር። በዚያ ማለዳ መንትዮቹ ሕንፃዎች በሽብር ጥቃት ተደርምሰው 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለቁ። የተረፉት ቱቦ ዘርግተው ውሃ አጡ፤ የከተማው ቧንቧ ከፍርስራሹ ሥር ተሰባብሮ ነበር።

ወንዙ ግን አጠገባቸው ነው። ከሃድሰን እየሳቡ ከደረሱላቸው ጀልባዎች አንዷ፣ ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት የሆናት "ጆን ጄ. ሃርቪ" ነበረች።

ስሟ የሟች ስም ነው። ሃርቪ የእሳት አደጋ ጀልባ ነጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 "ሙንሽን" የተባለ የጀርመን መርከብ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት ተጠግቶ ሳለ ፍንዳታ ገደለው። በዓመቱ ብሩክሊን ውስጥ የተሠራችው አዲስ ጀልባ በእሱ ተሰየመች። 40 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ በደቂቃ 68,000 ሊትር ገደማ ትረጫለች። ቤት ሲቃጠል ጎረቤት በኡኡታ ተጠራርቶ፣ ውሃ እየተቀባበለ በሚሮጥበት አገር ያደገ ሰው በለመደው መስፈሪያ ቢሰፍረው፣ በአንዲት ደቂቃ 3,400 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው።

ኢሉባቦርም ለመርከብ ባዳ አይደለም። የጎሬ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ይወርድና፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። የእነዚያ መርከቦች ዘመን አለፈ። ሃርቪም እንደዚያው ልትቀር፣ ብረቷም ተቆራርጦ ሊሸጥ ምንም አልቀረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ጥቂት መርከብ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው በጨረታ ገዟት። ዝገቷን ፋቁ፣ ቀለም ቀቡ፣ ሞተሮቿን አስነሡ። ሰው ለማንሸራሸር ብቻ ቢሆን ይህ ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ማንም የማይፈልገውን ፓምፕ ጭምር አዳኑ፤ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ሕንፃዎቹ በተደረመሱበት ቀን ከጠፉት የእሳት አደጋ መኪኖች አንዱ፣ ቁጥር 3 የመሰላል መኪና፣ ዛሬ በጥቃቱ መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ፊቱ እንደተጨፈለቀ ቆሟል። ይዟቸው ከመጣው 11 ሰዎች አንድም አልተመለሰም። እሱን አለመጠገን ተገቢ ነው፤ ቁስሉ ራሱ ምስክር ነው። የሃርቪ ክብር ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ተጠግና እንደገና መሥራቷ።

ያን ማክሰኞ መጀመሪያ የሄደችው ሰው ለማውጣት ነበር። 150 ያህል ሰዎች አሳፍራ ስትጓዝ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በራዲዮ ጥሪ መጣ፤ ሰዎቹን አውርዳ ለውሃ እንድትመለስ። "ማሪን 2" የሚል የሥራ መጠሪያም ተሰጣት። ዝገቷን የፋቁት ወዳጆቿ ለ80 ሰዓታት ያህል ከፓምፑ አልተለዩም። ውሃው በቱቦ እየተገፋ ወደ ፍርስራሹ ሲሄድ፣ ከ71 ዓመት በፊት እሳት ላይ የሞተው ሰው ስም በጀልባዋ ጎን እንደተጻፈ ነበር።