መንደሯ ጠፋች፣ አጥቢያው ቀረ፤ የዋረም ፐርሲ ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኋት በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ኮረብታዎች መካከል የነበረችውን ዋረም ፐርሲ የተባለች የገጠር መንደር ነው። ከመካከለኛው ዘመን መንደር ዛሬ ከመሬት በላይ የሚታየው ጣሪያ አልባው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። የገበሬዎቹ ቤቶች መሠረት በሣር ተሸፍኗል።

በመምህርነቴ የመጀመሪያ ዓመታት እንዲህ ያሉትን መንደሮች ባዶ ያስቀረው በ1349 እ.ኤ.አ. አካባቢ የደረሰው ታላቁ ወረርሽኝ ነው ብዬ አስተምር ነበር። ተሳስቼ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሞሪስ ቤረስፎርድና አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት ከ1950 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በየበጋው ባካሄዱት ቁፋሮና በመዛግብት ምርምር የተገኘው ማስረጃ ሌላ ነገር ይናገራል። ወረርሽኙ ሕዝቡን ቢጎዳም መንደሯ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የወጡት በ1500 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ባለርስቱ እርሻውን ወደ በግ ግጦሽ በለወጠ ጊዜ ነው። በግ ማርባት ጥቂት እረኛ ይበቃዋል፤ እርሻ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል። በ1517 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄደው ምርመራ አራት ቤቶች እንደፈረሱ፣ አራት ማረሻዎችም ከሥራ እንደወጡ መዝግቧል። መዝገቡ የቆጠረው ቤትና ማረሻ ነው፤ የተፈናቀሉት ወዴት እንደሄዱ መጠየቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ መንደርና አጥቢያ አንድ አለመሆናቸውን ልብ በሉ። አጥቢያው ቲክሰንዴልን የመሰሉ አጎራባች መንደሮችንም ያቅፍ ስለነበር፣ ምእመናን ሰው ወደማይኖርበት ሸለቆ እየወረዱ መጸለያቸውን ቀጠሉ። ምእመናኑ እየቀነሱ ሲሄዱ የሕንፃው የጎንና የጎን ክፍሎች ፈረሱ፤ ቅስቶቹም በድንጋይ ተደፈኑ። ቲክሰንዴል በ1870 እ.ኤ.አ. የራሷን ቤተ ክርስቲያን አገኘች፤ በዋረም ፐርሲ የመጨረሻው የጸሎት አገልግሎት የተካሄደው ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስሕተቴ ቀላል ስላልነበረ ነው። ጥፋቱን በሙሉ በወረርሽኝ ስናመካኝ ተጠያቂ አይኖርም፤ ባለርስት ወስኖ ያደረገው መሆኑን ስንረዳ ግን ታሪኩ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አንድ መንደር ጠፋ የሚል ጽሑፍ ባነበባችሁ ቁጥር፣ «ጠፋ ወይስ እንዲጠፋ ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ።