ዳቦን የመተው ታሪክ፤ ከለንደን እስከ አረካ

የሴሊያክ ሕመም በሕፃናት ላይ የሚያስከትለው ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና የዕድገት መቀጨጭ ለሐኪሞች ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሕመምተኛው ሊተወው የሚገባው ምግብ ዳቦ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1888 ሕመሙን በዝርዝር የገለጸው የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጊ፣ ፈውስ ካለ ከምግብ እንደሚመጣ በትክክል ገምቶ ነበር። ነገር ግን ሩዝን ከልክሎ፣ በስሱ ተቆርጦ በደንብ የተጠበሰ ዳቦን ፈቀደ። የማይጎዳውን ነስቶ የሚጎዳውን ሰጠ ማለት ነው።

የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሲድኒ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1924 ዳቦንና ድንችን አስቀርቶ ሙዝን በብዛት የሚያበላ የአመጋገብ ሥርዓት አስተዋወቀ። ብዙ ሕፃናትም አገገሙ። ሃስ ግን ያዳናቸው ሙዙ እንደሆነ አመነ፤ በመሆኑም ዳኑ የተባሉ ልጆች ወደ ስንዴ ሲመለሱ የአንጀታቸው ጉዳት አብሮ ይመለስ ነበር።

ስንዴን ለይቶ ያወጣው ሆላንዳዊው ዊለም ዲከ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሆላንድ በደረሰው የረሀብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሕመምተኞቹ ሕፃናት መሻሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስም ማገርሸቱ ብዙ ጊዜ ይተረካል። ይሁንና ዲከ ስንዴ አልባ ምግብን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይሞክር ስለነበር ረሀቡ ጥርጣሬውን አጠናከረለት እንጂ አልፈጠረለትም። ሐሳቡን በማስረጃ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 በዩትሬክት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ችግሩ የምትክ ዳቦ ሆነ። ሊጡን የሚስበውና አየር አቅፎ እንዲነፋ የሚያደርገው ያው የተከለከለው ግሉተን ስለሆነ፣ ፋብሪካዎች የሩዝ፣ የበቆሎና የድንች ስታርች ከሙጫ መሰል ማያያዣዎች ጋር መጋገር ጀመሩ። እንዲህ ያለው ዳቦ ቶሎ ይፈረፈራል፤ ካልበለጸገም በአሰርና በብረት ማዕድን ደካማ ነው፤ ዋጋውም ከተራው ዳቦ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ2008 «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ጣሪያውን በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም አድርጎ ወሰነ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ ለእነዚህ ሕመምተኞች ሊስማማ እንደሚችል በታወቀ የሕክምና መጽሔት አመለከቱ። በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ያገኘውን የፈጠራ መብት ደግሞ የዘ ሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ አደረገው። ለታማሚው ግን ከፍርዱ ይልቅ የወፍጮ ቤቱ ጉዳይ ይቀርበዋል፤ የጤፍ ዱቄት ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ያልፋል፤ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራም ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር የተቀየጠ ሊሆን ይችላል።

በወላይታ፣ አረካ ላይ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን ይዟል። እንሰት (በወላይትኛ ኡታ) የሙዝ ቤተሰብ ተክል ነው፤ ሃስ ከሚያምንበት ፍሬ ጋር ዘመድ መሆኑ ነው። ግንዱና ሥሩ ተፍቆና ተፈጭቶ፣ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ከብላላ በኋላ ቆጮ ሆኖ በምጣድ ይጋገራል። እህል ስላልሆነ ግሉተን የለበትም፤ ፋብሪካም አይሻም። ጉድለቱ የፕሮቲን ማነስ ነው። አንጀቱ ተጎድቶ የቀጨጨን ሕፃን በቆጮ ብቻ ማኖር ሌላ የምግብ እጥረት መጥራት ስለሚሆን አይብ፣ ባቄላ ወይም ሥጋ ሊታከልበት ይገባል። ቆጮው ከሌላ ዱቄት ጋር ተለውሶ የሚጋገርበት ጊዜም አለና እናቲቱን መጠየቅ ያሻል።

ከሁሉ በፊት ግን የደም ምርመራው፣ ከተቻለም የአንጀት ናሙናው፣ ታማሚው ስንዴ እየበላ ሳለ ሊወሰድ ይገባል። ዳቦውን አስቀድሞ ካስተዉት ምልክቱ ይጠፋል፤ ሐኪሙም ልጁ የዳነው ከምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል።