«ሳሩጂ»፦ የአንድ ቃልና የአንድ ልስን ታሪክ በዛንዚባር

የቃል ፍቺ ሲለወጥ ለውጡ በመዝገበ ቃላት ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ አንዳንዴ ግድግዳም ይጎዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ በዛንዚባር አሮጌ ከተማ የቤቶች የውጭ ልስን በሚታደስበት ጊዜ የሚነገረውን «ሳሩጂ» የተባለ የስዋሂሊ ቃል ይመረምራል።

ከተማዋ በስዋሂሊ «ምጂ ምኮንግዌ»፣ ማለትም አሮጌው ከተማ፣ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የዛሬ መልኳን በአብዛኛው የያዘችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የኦማን ሱልጣን መቀመጫውን ወደ ደሴቲቱ ካዛወረ በኋላ ነው። የቤቶቹ ግድግዳ የኮራል ድንጋይ ሲሆን ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከሙት «ቦሪቲ» የሚባሉ የማንግሮቭ ወራጆች ጫፋቸው በግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ውጭውም የሚለሰነው በኖራ ነው፤ ኖራ በስዋሂሊ «ቾካ» ይባላል።

የኮራል ድንጋይ እርጥበትንና ጨውን ከመሬት ወደ ላይ ይስባል። የኖራ ልስን እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ጨው ቢበላውም የሚጎዳው ልስኑ ነውና በየጊዜው ይታደሳል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ያፍነዋል። ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ድንጋዩ ይፈረፈራል፣ የቦሪቲው ጫፍ ይበሰብሳል። ልስኑ በወደቀ ጊዜም የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል።

«ሳሩጂ» የመጣው «ሳሩጅ» ከሚለው የፋርስኛ ቃል ሲሆን ቃሉ በዓረብኛም ይገኛል። በፋርስ ከኖራ፣ ከሸክላ አፈርና ከአመድ የሚዘጋጀውን፣ ውሃ የሚቋቋም ማያያዣ ያመለክታል፤ በኦማንም የጥንቱ የውሃ ቦዮች የተለሰኑበት ነገር በዚሁ ስም ይጠራል። በዛሬው መደበኛ ስዋሂሊ ግን «ሳሩጂ» የፋብሪካ ሲሚንቶ ነው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ሲሚቲ» እያለ የጥንቱ ስም ለአዲሱ ነገር ተሰጠ። ስለዚህ «ሲሚቲ» ባዕድነቱ ሲሰማ፣ «ሳሩጂ» የአገር ልማድ ይመስላል።

የግንባታ ቃላት በምሰበስብበት ጊዜ የቤታቸውን የውጭ ልስን የሚያስለውጡ አንዲት አዛውንት አገኘሁ። «ቢቢ፣ ለምን በቾካ አላስለሰኑትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቾካ ረጥቦ ሳምንታት መቆየት አለበት፤ ፉንዲውን የምከፍለው በቀን ነው። ደግሞስ ሳሩጂ የአያቶቻችን አይደለምን?» አሉኝ። የመጀመሪያው ምክንያት የገንዘብ ነው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ግን የቋንቋ ነው። ቃሉ የአያቶቻቸው መሆኑ እውነት ነው፤ በከረጢት የተገዛው ነገር ግን አይደለም። ከማሲካው ዝናብ በኋላ ስመለስ አዲሱ ልስን ከታች አብጦ ነበር።

በአማርኛ ሁኔታው ይለያል። «ኖራ» ከዓረብኛው «ኑራ» ጋር ሲዛመድ፣ «ሲሚንቶ» የተወሰደው ከጣሊያንኛ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች በሁለት ስም ተለያይተዋል። በጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው እድሳት ስሕተት መሆኑ ታውቆ ኋላ ወደ ኖራ ሲመለሱ፣ ልዩነቱን ለማስረዳት ቋንቋው አልተቸገረም። ይሁንና «ማስለሰን» የሚለው ግሥ በምን እንደሚለሰን አይናገርም፤ አማርኛም ከአሻሚነት ነፃ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ«ሳሩጂ» ሥር ሁለቱን ፍቺዎች ለይተው፣ የትኛው የቀድሞ እንደሆነ ያመልክቱ። የቅርስ እድሳት መመሪያ የሚተረጉሙ ባለሙያዎችም የቁሱን ስም ብቻ ጽፈው አይለፉ፤ ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚዘጋጅ አብረው ይግለጹ። የቤቱ ባለቤት መመሪያውን የሚያነበው በራሱ ቋንቋ ነው፤ ግድግዳውን የሚያስለውጠውም በዚያ በተረዳው ቃል ነው።