የጥቂቶች ጉባኤና የፊደላችን ዕጣ

በባሕር ማዶ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጉባኤ መጥራት እናውቅበታለን። አዳራሽ እንከራያለን፣ የክብር እንግዳ እንጋብዛለን፣ የአቋም መግለጫ እናወጣለን፣ ከዚያም እንበተናለን። ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ጉባኤ ነው፤ ጥቂት ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ያለ ሥነ ሥርዓት ስለሚቀመጡበት። ይህን የምታነቡበት ፊደል በኮምፒዩተር ላይ ቦታ ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ መቀመጥ በተወለደ ሥራ ነውና።

ቦታው ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ የሚዘልቀው ቤይ ኤሪያ ነው። በዚያ አካባቢ መደበኛ ያልሆነ ስብሰባ የቆየ ልማድ አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1975 በሜንሎ ፓርክ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰብስበው የሆምብሩ ኮምፒዩተር ክበብን ጀመሩ፤ ከተካፋዮቹ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ በዓመቱ አፕልን ከመሠረቱት መካከል ሆነ። በ1987 ደግሞ የዜሮክሱ ጆ ቤከር ከአፕሎቹ ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ ጋር «የዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል ወይ?» እያሉ መወያየት ያዙ። ቤከር ረቂቁን በነሐሴ 1988 ጻፈ፤ የዩኒኮድ ማኅበር በጥር 1991 በካሊፎርኒያ በሕግ ተቋቋመ።

በዚያው ዘመን የእኛ ሰዎች በየፊናቸው ይደክሙ ነበር። ዳሸን ኢንጂነሪንግን የመሠረቱትን ፍስሐ አጥላውን የመሳሰሉ መሐንዲሶች የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ሠርተዋል። ችግሩ የጋራ ስምምነት አለመኖሩ ነበር። የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች ፊደሉን በራሱ መንገድ ከፋፍሎ አስገባው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ለመላላክ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

በ1992 ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የመጀመሪያ ረቂቅ አወጣ። መፈታት የነበረበት ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ «ሁ» የ«ሀ» እና የአናባቢ ድምር ናት ወይስ ራሷን የቻለች ፊደል? በመጨረሻ እያንዳንዷ ፊደል የራሷን ቁጥር አገኘች፤ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ገቡ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልገባም። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉት ፊደላት እስከ 2005፣ የባስኬቶና የጉሙዝ እስከ 2010 ጠበቁ፤ ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት የገቡት በ2021 ነው። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ዋና ትምህርት ይኸው ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ተናጋሪ የሌለው ቋንቋ ወረፋው ይረዝማል።

ዛሬ ጥያቄው ተለውጧል። ማሽኖች ቋንቋ እየተማሩ ነው፤ የእኛን ቋንቋዎች ከየትኛው ጽሑፍ፣ በየትኛው የአጻጻፍ ሥርዓት ይማሩ የሚለውን ሌሎች ሊወስኑልን አይገባም። ለዚህ ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ክፍል፣ አሥር ሰው ይበቃል። ጥያቄው አንድ ይሁን፤ ጽሑፉ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁሉም ይድረስ። መሐንዲሱ ከቋንቋ ምሁሩ ጎን ይቀመጥ፤ ከአማርኛ ውጭ ያሉ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ከመጀመሪያው ይጠሩ፣ ለማጨብጨብ ሳይሆን ለመወሰን።

«ጥቂቶች ለብዙኃን መወሰናቸው አድሏዊ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ግን የተሰብሳቢውን ቁጥር ማብዛት ሳይሆን ሥራውን በግልጽ መሥራት ነው። ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ያልተስማሙት ሐሳብ ጭምር ይመዝገብ፣ ለተቺ ሁሉ ክፍት ይሁን። ጥቂት መሆን ነውር የለበትም፤ ተደብቆ መወሰን ግን አለበት።