የከዚራ መኖሪያ ቤቶች ታሪክ፦ ድሬዳዋ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተራራው ዳገት ስላላስቻለ በ1895 ዓ.ም. በቆላው ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ከዚራ በፈረንሳውያን አሠራር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተቀየሰ፤ ለባቡሩ ኩባንያ ሠራተኞችም ሰፊ በረንዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ተሠሩ። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሁሉ ምክንያቱን ይረዳል። «ለገሃር» የሚለው ስምም ከፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የተወረሰ ነው።

በቅርስነት በተመዘገበ ቤት የሚኖሩ ዜጎች፣ የጣሪያ ቅያሬን ጨምሮ ማናቸውንም ጥገና ከመጀመራቸው በፊት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል። ጥያቄው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው።