የሥዕለ አድኅኖ ስብስብ በገነተ ልዑል

በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፣ ሕንፃው ለመኖሪያ እንጂ ለቤተ መዘክር የታሰበ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ ሥራ ለፖላንዳዊው ምሁር ለስታኒስላው ሆይናትስኪ ተሰጠ። እኚህ ሰው ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ፣ የአገሩን ቅርስ ጥቂት በጥቂት ሲያሰባስቡ የቆዩ ናቸው።

የክርስቲያን ሥነ ጥበብ ቋሚ ስብስብ በኢትዮጵያ ማቀድ አንድ የተለየ ችግር አለበት። ሥዕሉ አሁንም አገልግሎት ላይ ነው፤ ምእመናን ይሳለሙታል፣ በመጋረጃ ይሸፈናል፣ በበዓሉ ቀን ይወጣል። ንዋየ ቅድሳትን ከመቅደሱ አንሥቶ በመስተዋት ውስጥ ማኖር ለቤተ ክርስቲያን ጉዳት፣ ለቤተ መዘክሩም ነቀፌታ ነው። በሌላ በኩል ግን ከየስፍራው የወጡ ሥዕሎች በአዲስ አበባ ነጋዴዎች እጅ ይገኙ ነበር፤ ገዢዎቹም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ በ1958 ዓ.ም. ቢወጣም ንግዱን ፈጽሞ አላቆመውም። ስለዚህ የስብስቡ ዋና ምንጭ ግዢና ስጦታ ሆነ። ኋላም የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያሰባሰበ በዚሁ ሥራ ረዳ።

ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ከነጋዴ የተገዛ ሥዕል ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ፣ ማን እንዳሠራው የሚመሰክርለት የለም። ዕድሜውን ለማወቅ የቀረው መንገድ ሥዕሉን ራሱን መመርመር፣ ከብራና መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎች ጋር ማነጻጸር ነበር። ለምሳሌ በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን አማካይነት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ አገሩ ገብቷል። እንግዲህ እመቤታችን እጆቿን በሕፃኑ ላይ አመሳቅላ፣ መሐረብ ይዛ ከታየች ሥዕሉ ከዚያ ዘመን ሊቀድም አይችልም። ሆይናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ሥዕል ጥናት ይህን የመሰለ ትዕግሥት የተሞላ ንጽጽር ነው።

የሕንፃውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሥዕሉ የተሣለው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተቀባ ነጭ ልስን ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ልስኑ አብሮት ስለማይሄድ ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። ለመኝታና ለእንግዳ መቀበያ በተሠራ ቤት ውስጥ የመስኮቱ ብርሃንና የግድግዳው እርጥበት ከሥዕሉ መረጣ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ትልቁ የእመቤታችን ሥዕል የሚገኘው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በቤተ መዘክሩ ያሉት የእርሱ ወይም የተከታዮቹ ሥራ ናቸው የተባሉ ሥዕሎች የሚለኩት በዚያው፣ በገዳሙ በሚገኘው ሥዕል ነው።