ስሙ በመዝገብ፣ ድምፁ በኮሮጆ

በ1859 (ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የሚመርጥ ሰው ወረቀት አይዝም ነበር። አስፈጻሚዎቹ ፊት ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ የሚመርጠውንም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። አበዳሪው፣ አሠሪው፣ አከራዩ፣ አንዳንዴም ተወዳዳሪው ራሱ እዚያው ቆሞ ይሰማል። የ1851ዱ የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ለነጭ ወንዶች በሙሉ ሲያሰፋ እንኳ በወረቀት እንዲመርጡ የፈቀደው መናገር ለማይችሉ ብቻ ነበር። የ1859ኙ መዝገብ ዛሬም ስላለ፣ ዶናልድ ዴባትስ የተባሉ የታሪክ ምሁር የእያንዳንዱን መራጭ ድምፅ ከሥራውና ከሀብቱ ጋር አገናኝተው ማጥናት ችለዋል።

ለተመራማሪ ሲሳይ ነው፤ ለመራጩ ግን ጣጣ ነበር። ሜይ 23 ቀን 1861 ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ኅብረት ትገንጠል አትገንጠል ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅም የመለሰው በአፉ ነው። በማግስቱ የፌዴራሉ ጦር የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያን ያዘ። የጦሩ መኮንን ኮሎኔል ኤልስዎርዝ ኪንግና ፒት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን የነበረው ማርሻል ሃውስ ሆቴል ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን የተገንጣዮች ባንዲራ አውርዶ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገደለ። አንድ ቀን ቀድሞ «ትገንጠል» ማለት ነበር የሚያዋጣው። ከጦርነቱ በኋላ፣ ለኅብረቱ ታማኝ ለነበሩ ደቡባውያን እንዲከፍል በ1871 የተቋቋመው የደቡብ ካሳ ኮሚሽን ደግሞ ካሳ ፈላጊውን ያኔ እንዴት እንደመረጠ ይጠይቀው ጀመር።

በ1869 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ወረቀትን አመጣ። በ1894 የወጣው የዋልተን ሕግ ምርጫውን ምስጢራዊ ቢያደርግም የፓርቲ ስም ከወረቀቱ ላይ አጠፋ፤ ማንበብ የማይችለው ጥቁርና ድሃ ነጭ ግራ እንዲጋባ ነበር። የ1902ቱ ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብር ጨመረበት፤ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ የሦስት ዓመት ውዝፍ ጭምር። ግብሩን ጨርሶ ያስቀረው በ1966 የአሌክሳንድሪያ ጎረቤት የሆነችው የፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪ አኒ ሃርፐር የረታችበት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

ጥቁሮችን ከመዝገብ የሚያስቀሩ የደቡብ መዝጋቢዎች ሰነድ ደብቀው ወይም አጥፍተው ስላስቸገሩ፣ በ1960 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ምርጫ ሰነድ ለ22 ወራት እንዲቆይ አስገደደ። በ1993 የወጣው ሕግ ደግሞ ግዛቶች የመራጮችን ዝርዝር ሲያጠሩ የሠሩበትን ሰነድ ሕዝብ እንዲያየው አዘዘ። በዚያው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤት ቨርጂኒያ የመራጩን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌላ ማሳየቷን አገደ። በ2012 ኖርፎክ ውስጥ ውድቅ የተደረጉ የተማሪዎች የምዝገባ ቅጾች፣ ቁጥሩ ተሸፍኖ፣ ይታዩ ሲል ያው ፍርድ ቤት ወሰነ። እኔ መንገዱ ይህ ነው እላለሁ፤ መንግሥት የሠራው ይታይ፣ የሰውየው ገመና ይሸፈን።

ይህ ለእኛ ለአበሾች ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2024፣ ለምርጫው 90 ቀን ሲቀረው፣ የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪን ዜጋ ያልሆኑ ከዝርዝሩ በየቀኑ እንዲወጡ አዘዙ። በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ዲኤምቪ) ቅጽ ላይ «ዜጋ አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ደብዳቤ ይላክለት ነበር፤ በ14 ቀን ካልመለሰ ይሰረዝ ነበር። ግሪን ካርድ እያለው መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ኋላ ዜግነት የማለ ስንት አበሻ አለ! ትእዛዙ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ከከሳሾቹ አንዱ አፍሪካን ኮሚዩኒቲስ ቱጌዘር የተባለው የአፍሪካውያን ስደተኞች ድርጅት ነበር። አሌክሳንድሪያ ያስቻሉት የፌዴራል ዳኛ ፓትሪሺያ ጃይልስ ከ1,600 በላይ ሰዎች እንዲመለሱ ኦክቶበር 25 ቀን አዘዙ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አገደው። ከተሰረዙት መካከል ዜጎች መኖራቸው የታወቀው ስማቸው ተፈልጎ፣ ሰዎቹ ተጠይቀው ነው። ዝርዝሩ ተደብቆ ቢቀር ማን ያውቅላቸው ነበር?

የተቆጠረው የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ታሽጎ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ይሰጣል፤ የፌዴራል ምርጫ ከሆነ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ተራ ሰው ልየው ቢል አይከፈትለትም፤ ሳጥኑን ለድጋሚ ቆጠራ የሚያስከፍተው ፍርድ ቤት ነው። በ1997ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የኢትዮጵያ ምርጫ «ኮሮጆ ተገለበጠ» የሚለውን ክርክር ላሳለፈ ያገሬ ሰው ይህ ብቻውን ልብ አያሳርፍም።

በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሳጥኑ ተከፍቶ ነበር። ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደረችው ሼሊ ሲሞንድስ በድጋሚ ቆጠራ ዴቪድ ያንሲን በአንድ ድምፅ በለጠች። በማግስቱ ቆጠራውን የሚመሩት ዳኞች አንዲት ወረቀት ያዙ፤ የሁለቱም ክብ ጠቁሯል፣ በሲሞንድስ ላይ ግን ሰረዝ ተሰርዟል። ለያንሲ ቆጠሯት፤ 11,608 ለ11,608 ሆነ፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ዕጣ ወጥቶ ያንሲ አሸነፈ። የወረቀቷን ፎቶ አገር አየው፤ የፈለገም ዳኞቹን ሞገተ። ወረቀቷ ላይ ስም የለም።

ኮሎራዶ በ2012 ባወጣችው ሕግ የተሰጡ ድምፅ መስጫ ወረቀቶች ለጠያቂ ይታያሉ፤ መራጩን ሊያሳውቁ የሚችሉት ብቻ ይያዛሉ። ጥቂት ሰው በመረጠበት ጣቢያ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው። ያ ከተጠበቀ ግን ቨርጂኒያም የወረቀቶቹን ምስል ለሕዝብ ትክፈት፤ ፍርድ ቤት እስኪያዝዝ የሚያስጠብቅ ምክንያት አይታየኝም።